ዓርብ ቀን አየሁት ያልኩት ዝናብ

ሰው ሰመራን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያማው ሙቀቷን ነው። እኔ ሙቀቷን ይቅር ብያታለሁ። ዛሬ አዋሽ ሰባት ኪሎ ቁጭ ብዬ የሚናፍቀኝ ሌላ ሌላው ነው። ትኩሱ ነፋስ ሳይነሳ፣ ባጃጆቹ ገና ሳይወጡ፣ በሰፊው አስፋልት መሀል ብቻዬን እየተንጎማለልኩ ቢሮ መሄዴ ይናፍቀኛል። ወሎዬው ባለሻይ ቤት «ቢስሚላህ» ብሎ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሲቀዳ መድረሴ፣ ያደረ የበረዶ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ መግባቴ ይናፍቀኛል። ያ ጠርሙስ እስከ ሦስት ሰዓት በረዶ፣ እስከ አምስት ሰዓት ውሃ፣ ከዚያ በኋላ ሻይ ነው እያልን እንቀልድ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚናፍቀኝ ግን አንድ ሰው ነው፤ የቢሯችን ዘበኛ። ሰኞ ሰኞ በሩ ላይ እጄን ይዞ ይጠይቀኝ የነበረው ጥያቄ ይናፍቀኛል። ያኔ እንዲህ ትላለህ ቢሉኝ በሳቅ እሞት ነበር። ያኔ ያ ሰው ሲጠይቀኝ እጄን ለማስለቀቅ ነበር የምጣደፈው፤ ቀልቤ ገና ከመጀመሪያው ቀን አልወደደውም።

እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ደብቄውም አላውቅ። ያደግኩት ደጋ ነው፣ «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ከጡት ጋር በሚጠባበት አገር። አባቴን ጎረቤት «ወዴት ነው?» ሲለው መልሱ ሁልጊዜ «እዚሁ ነኝ» ነበር። ገበያ ሲሄድ እዚሁ ነው። ፍርድ ቤት ሲሄድ እዚሁ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ወር ጠፍቶ አዲስ አበባ ታክሞ ሲመለስ እንኳ «የት ጠፋህ?» ላለው ሁሉ «ኧረ እዚሁ ነኝ» አለ። እኛ ዘንድ ሰላምታው አያልቅም፤ ከብቱም፣ ልጁም፣ አዝመራውም ይጠየቃል። ለሁሉም መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ በሬው ገደል ገብቶበትም እግዚአብሔር ይመስገን ነው። እውነተኛው ወሬ ከዚያ በኋላ፣ ለሚገባው ሰው ብቻ፣ በሹክሹክታ ይነገራል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ተነስቶ አፋር አገር የገባው።

ሰመራ የተመደብኩት መዝገብ ቤት ነበር፤ ፋይል ማውጣት፣ ፋይል ማስገባት። ሚስቴና ልጄ አዋሽ ቀሩ። ሚስቴ የባቡር ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሷ ደግሞ አውቶቡሶች ለቁርስ በሚቆሙበት አጠገብ ቁርስ ቤት አላት፤ ፉሉም እንቁላሉም ከማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይፋጅ ነበር። ዘግታ ትከተለኝ እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄያት «አንተ ና» አለችኝ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ልጄ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። አዋሽ ስደርስ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ ነበር የምታየኝ፤ እሑድ ቦርሳዬን ሳነሳ ገና መልመዷ ነበር። ያ ነገር አንጀቴን ይበላው ነበር። ስለዚህ በሕይወቴ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ አዋሽ ዝውውር። ማመልከቻዬ የመምሪያ ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኃላፊው መፋቂያውን ከአፉ የማያወጣ፣ ዝም ያለ የአፋር ሰው ነው፤ ዝም የሚል አለቃ ደግሞ ለተጠራጣሪ ሰው ገሃነም ነው።

የእኔ ጣጣ ዓርብ ነበር። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ቢሮው ረፋዱ ላይ ይዘጋና ከሰዓት በኋላ እንደገና ይከፈታል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ተመልሼ አልከፍትም ነበር። ከጅቡቲ ጭኖ የሚወጣ መኪና አስቁሜ፣ ሹፌሩን ለምኜ፣ ጋቢና ገብቼ አዋሽ! የግማሽ ቀን ሥራ ስርቆት ነው፤ አውቃለሁ። ቢታወቅ ዝውውሩ ቀርቶ ማስጠንቀቂያ ነበር የሚጠብቀኝ። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ የሚያየኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያው ዘበኛው።

ዕድሜው የታላቅ ወንድሜን ያህላል። ከላይ የዘበኛ ሸሚዝ፣ ከታች ሽርጥ፣ ዱላው ጭኑ ላይ፣ በሩ ሥር ባለችው ዛፍ ጥላ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ለሁሉም ሰው «አንተ» ነው የሚለው፤ ለኃላፊውም አንተ፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ እንግዳም አንተ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ይነሳና እጄን ይይዛል። መያዝ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ አይለቅም።

«ከየት መጣህ? በምን መጣህ? መንገዱ እንዴት ነው? ማንን አገኘህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

በየተራ ነው፣ አንዱንም አይዘልም። «ደህና ነው» ብዬ ልለፍ ስል «ምኑ ነው ደህና?» ይለኛል። እግዚአብሔር ይመስገን አይበቃውም። የትኛው ድልድይ ጋ መኪና እንደቆመ፣ ገዋኔ ላይ ገበያው ሰው እንደነበረው፣ ሹፌሩ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ ልጄን ላይ መሄዴን ሳይቀር ሁሉን ያወጣጣል። ከዚያ ደግሞ ሳልጠይቀው የራሱን ይነግረኛል፤ ማን እንደሞተ፣ የማን ግመል እንደጠፋ፣ ማን ከየት እንደመጣ። ምን አገባኝ! እኔ በልቤ «አዎ፣ ወሬ ሰጥቶ ወሬ መውሰድ፤ ዘዴዋን አውቃታለሁ» እላለሁ።

ጥርጣሬዬን ያጸናው ሞባይሉ ነው። አንድ ሰኞ ከእጁ አምልጬ ደረጃው ላይ ስደርስ ዘወር ብዬ አየሁት። ጥግ ይዞ ስልክ እየደወለ ነበር። በአፋርኛ ነው የሚያወራው፤ ግን ከመሀል «አዋሽ» የሚለውን ሰማሁ፣ ቀጥሎ «መዝገብ ቤት» የሚለውን ሰማሁ። መዝገብ ቤት እኔ ነኝ! ወሽመጤ ቁርጥ አለ። በሚቀጥለውም ሰኞ እንደዚያው፤ እኔን ይጠይቃል፣ ከዚያ ይደውላል። ከዚያ ወዲያ አንድም ጥርጣሬ አልነበረኝም። ሰውየው ጆሮ ጠቢ ነው፤ የሚጠባው ደግሞ የእኔን ዓርብ ነው።

የግመል ወተትም ያመጣልኝ ነበር፣ በላስቲክ ጠርሙስ። «ጠጣ፣ ለመንገድ ጥሩ ነው» ይለኛል። ለየትኛው መንገድ? ብዬ እጠረጥራለሁ። አመስግኜ እቀበልና ለጽዳት ሠራተኛዋ እሰጣታለሁ። አንድም ቀን አልቀመስኩትም፤ ያን ወተት ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

ለሚስቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀች።

«አንተ ሞኝ፤ ዳጉ እኮ ነው» አለችኝ።

«የምን ዳጉ?»

«አፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አይለያይም። የት ውሃ አለ፣ የት ሰላም ነው፣ የት ሣር አለ፤ በዚያ ነው የሚኖሩት። እኔን አባቴ ጣቢያው ላይ እያቆመ ያሳየኝ ነበር። ቁጭ ብለው በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ሲነጋገሩ ባቡር ቢያልፍ ዞር አይሉም። አንተንም እንደ ሰው ቆጥሮህ ነው የሚጠይቅህ።»

ስለ ዳጉ እኔም ሰምቼ ነበር፤ ማን አልሰማም። ግን ዳጉ በረሃ መሀል፣ ግመል የሚነዱ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሸሚዝ ለብሶ፣ ደመወዝ እየበላ፣ የመንግሥት በር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲጠይቅህ ዳጉ ነው ብዬ እንዴት ላምን? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልኳት።

«አንተ ግን እየጠረጠርክ ነው የምትመነጠረው» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እንግዲህ ልፈትነው ወሰንኩ። የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቃት ፈተና ናት። ለተጠረጠረው ሰው ብቻ አንዲት የፈጠራ ወሬ ትነግረውና ከማን አፍ ተመልሳ እንደምትመጣ ትጠብቃለህ። ከኃላፊው አፍ ከመጣች ጨርሰሃል፤ አስተላላፊው ታውቋል። ወሬዋ ማንንም የማትጎዳ መሆን አለባት ብዬ ብዙ አሰብኩ። እስቲ ይታያችሁ፣ ተጨንቄ አስቤ ነው የመረጥኳት። ሰኔ መግቢያ ነበር፤ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ወራት አልፎ ነበር፣ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። ዝናብ ልበል አልኩ። ዝናብ ማንን ይጎዳል?

ሰኞ ጠዋት እጄን ያዘ። «ዓርብ ስትሄድ ምን አየህ?»

መውጣቴን በዓይኑ ስለሚያይ ከእሱ የምደብቀው ዓርብ አልነበረኝም። «ዝናብ አየሁ» አልኩት።

እጄን የያዘው እጅ ጠበቅ አለ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «የት?»

«ከሚሌ አለፍ ብሎ፣ ያ ደረቅ ወንዝ ጋ። መኪናችን ቆሞ ነበር ጎርፉ እስኪያልፍ።»

«በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ?»

«በዓይኔ።»

«ከአስፋልቱ በስተየት ነው? ውሃው ይሄዳል ወይስ ቆሟል? አሸዋው ጠጥቶታል? ደመናው ወዴት ሄደ?»

ጠየቀኝ፣ ጠየቀኝ፣ ጠየቀኝ። በጠየቀኝ ቁጥር «ይኸው፣ ምርመራ ማለት ይህ ነው» እያልኩ እልህ ያዘኝና ጨመርኩበት። ውሃው ቀይ ነበር አልኩ። ደመናው ወደ ምዕራብ ሄደ አልኩ። ከመንገዱ ዳር ትናንሽ ሣር ብቅ ብሏል አልኩ፤ ዓርብ ዘንቦ ዓርብ ሣር አይበቅልም ብሎ ቢይዘኝ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ብልጥ ነኝና «ከቀደም ብሎም ዘንቦ ነበር መሰለኝ» ብዬ አስተካከልኳት። እጄን ለቀቀኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። «አላህ ይባርክህ» አለኝና ጥጉን ይዞ ስልኩን አወጣ። እኔም ደረጃውን እየወጣሁ በልቤ ሳቅኩ፤ ያዝኩህ ብዬ።

ያን ሳምንት ሙሉ የኃላፊውን አፍ ስጠብቅ ከረምኩ። ፋይል ይዤ በገባሁ ቁጥር «መንገዱ እንዴት ነበር፣ ዘነበ አሉ» ይለኛል ብዬ እጠብቃለሁ። ምንም አላለም። መፋቂያውን እያኘከ ይፈርማል፣ ይመልስልኛል። ይህም አጠራጠረኝ፤ ያውቃል፣ ግን ይዞብኛል አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ዘበኛው ከበሩ ጠፋ። በቦታው ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። የት ሄደ ስል «ቤተሰብ ጉዳይ» አሉኝ። ጥሩ፣ ሪፖርት ሊያደርግ ሄዷል አልኩ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲመጣም ምክንያት አለው፣ ሲቀርም ምክንያት አለው።

በአራተኛው ሳምንት ኃላፊው አስጠራኝ። ስገባ ሦስት የአፋር ሽማግሌዎች ወንበር ይዘዋል፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ነው። ዘበኛው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከስቷል። የዘበኛ ሸሚዙን አልለበሰም።

ኃላፊው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ያን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«እነዚህ አባቶች ከጭፍራ ወረዳ ነው የመጡት» አለኝ። «ከሚሌ አለፍ ብሎ ዘንቧል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ሣር አለ የሚል ወሬ ደርሷቸው ነበር። ወሬውን የላከው ይህ ዘበኛችን ነው። የእሱ እህት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያላትን ፍየል ሁሉ ነድታ ተነሳች። ሦስት ቀን ሄዳ ደረሰች። አንድ ጠብታ የለም። መመለሻ አቅም አልነበራቸውም፤ ፍየሎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። የቀሯት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።»

ሰማሁ፤ ግን መስማት ብቻ ነበር፤ ትርጉሙ ገና ወደ ውስጥ አልገባም። አንደኛው ሽማግሌ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል በአፋርኛ ቀስ ብሎ ተናገረ። ኃላፊው ተረጎመ።

«ዘበኛው የሚለው፣ ‹ከራሴ አላመጣሁትም፣ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ዓርብ ሲያልፍ በዓይኑ አይቶ ነገረኝ› ነው። እነሱ ይህን ሊጠይቁህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት። ነግረኸው ከሆነ እሱ ነጻ ነው፤ የሰማውን ነው ያደረሰው። ካልነገርከው ግን ወሬውን ፈጥሮታል ማለት ነው። ወሬ የፈጠረ ሰው በእኛ ዘንድ ሰው አይደለም። ከእንግዲህ ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም አይነግረውም። ዓርብ ስታልፍ ዝናብ አይተህ ነበር? ነግረኸዋል?»

እውነቱ ሦስት ቃል ነበር። «ነግሬዋለሁ፣ ዋሽቼ ነው።» ይህን ለማለት ግን ዓርብ ከሰዓት በሥራ ሰዓት ሚሌ ላይ ነበርኩ ማለት አለብኝ፤ እዚያው ኃላፊው ፊት፣ ማመልከቻዬ ክንዱ ሥር ካለው የወረቀት ክምር ውስጥ ነው ብዬ እያሰብኩ። ልጄ ታየችኝ። ደግሞስ፣ አለኝ ያ ክፉ ሆዴ፣ ይህ ሁሉ ዓርብህን አውጥተው ሊይዙህ የተሠራ ቲያትር ቢሆንስ? ሽማግሌ ተከራይተው ቢሆንስ? እግራቸው ላይ ያለውን አቧራ እያየሁ ነው እንዲህ ያሰብኩት።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ዓርብ? ዓርብ እኔ ቢሮ ነበርኩ» አልኩ።

ኃላፊው ደግሞ ጠየቀኝ። «ዓርብ ከሰዓት?»

«አዎ። ፋይል ሳስተካክል ነበር።»

ተረጎመላቸው። አንድ አረፍተ ነገር ነበረች፤ ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ዘበኛው «ውሸቱን ነው» ይላል፣ ይጮሃል፣ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲያውም እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ገርሞት ያየኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተነሱ፤ በፊቱ ሲያልፉ አላዩትም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሸሚዙን ለብሶ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አድርጎ እዚያው ወንበር ላይ። ሰኞ ስገባ አይነሳም። «ሰላም» ይላል፣ «ሰላም» እላለሁ፣ አበቃ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲለቀኝ ስመኝ የነበረው እጅ ለቀቀኝ። የመዝገብ ቤቱ መስኮት በሩን ያሳያል። ድሮ ከገጠር የሚገባ የአፋር ሰው ሁሉ ጉዳዩን ሳይፈጽም እሱ ዘንድ ይቀመጥ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። አሁን «ሰላም» ብለውት ያልፋሉ። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ አላፊውን በዓይኑ ይከተላል፣ ሌላ ሰው ሲመጣ ቀና ይላል፣ ያም ያልፋል። ስልኩን ጥግ ይዞ ሲደውል ዳግመኛ አላየሁትም። ይህን ሁሉ እያየሁ ፋይል አወጣ፣ ፋይል አስገባ ነበር። እናገራለሁ እላለሁ፤ ዝውውሩ ይምጣና እናገራለሁ።

ዝውውሩ ሐምሌ ላይ መጣ። ኃላፊው ደብዳቤውን ሰጠኝና እንድቀመጥ ጠቆመኝ።

«ይህን የፈረምኩት ግንቦት ላይ ነበር» አለኝ። «እላይ ነው የዘገየው። በዓርቦችህ ተናድጄብህ ነበር፤ ልጠራህ ስል ዘበኛው መጣ። ‹ይህ ሰው ልጅ አለችው፤ ዓርብ የሚጠፋው ወደ ልጁ ነው፤ ራሱ ነግሮኛል፤ ወደዚያ አዛውረው› አለኝ። ስለዚህ ፈረምኩ።»

ደብዳቤውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

«ታዲያ ያን ቀን ዓርብ የት እንደነበርኩ ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ዝም አሉ?»

መፋቂያውን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረው። «የተጠየቅኸው አንተ ነህ። ለእሱ ስትነግረው እኔ አልነበርኩም፤ ያልሰማሁትን ሰማሁ ልል ነው? ያንን ማለት የምትችለው አንተ ብቻ ነበርክ። ለምን እንደካድክ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ከወረቀቱ ጋር ወጣሁ። ቦርሳዬን ይዤ በሩ ላይ ስደርስ ዘበኛው ፊት ቆምኩና ሁሉን ዘረገፍኩት። ጆሮ ጠቢ መስለኸኝ ነበር አልኩት። ልይዝህ ብዬ ነው የዋሸሁት አልኩት። ይቅር በለኝ አልኩት። አለቀስኩ መሰለኝ፤ አዎ አልቅሻለሁ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ይህን እኔ አውቀዋለሁ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «ዝናብ አለመዝነቡን ፍየሎቹ ነገሩኝ። ለእኔ መንገር ምን ይሠራል? እኔ ብናገረው ማን ይቀበለኛል? እህቴ ጭፍራ ናት። ሽማግሌዎቹ ጭፍራ ናቸው። እዚያ ሂድና በአፍህ ንገራቸው።»

«እሄዳለሁ» አልኩት።

«መቼ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። «በዚህ ሳምንት» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አምኖኝ ነበር። እኔም ያኔ ራሴን አምኜ ነበር። ከዚያ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ወደ አዋሽ የሚሄድ መኪና ቆሞ ነበር፣ ጋቢናው ባዶ ነበር፣ ልጄ እየጠበቀችኝ ነበር። ገባሁ።

ይኸው ልጄ ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት። ከማንም ኋላ አትደበቅም፤ ለሥራ ራቅ ካልኩ «መቼ ትመጣለህ?» ብላ ትደውላለች። የፈለግኩትን አግኝቻለሁ፤ አላገኘሁም ብል እዋሻለሁ። መጀመሪያ ዓመት ሥራ በዛብኝ። ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ፤ ጊዜው ጊዜ አልነበረም። ቀጥሎ አመመኝ። ከዚያ ወዲህ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት። ሚስቴ በፊት በፊት «ሄድክ እንዴ ጭፍራ?» ትለኝ ነበር። አሁን አትጠይቀኝም፤ በእሷ ዝምታ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ መጠርጠር አያስፈልገኝም።

ባለፈው ወር የሰመራ ሚኒባስ ሹፌር እሷ ዘንድ ቁርስ ሲበላ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የድሮ መሥሪያ ቤቴን በር ያውቀዋል። ዘበኛው አለ ወይ አልኩት። ዛፏ ሥር ነው፣ አለ አለኝ።

«ሰው ያናግረዋል?» አልኩት።

ሹፌሩ ጥያቄው አልገባውም። ዳቦውን በፉሉ እያጠቀሰ «ዘበኛን ደግሞ ማን ያናግረዋል?» ብሎ ሳቀ፣ ጎርሶ ተነሳና ተሳፋሪዎቹን ጠራ። ሚሌ ወርዶ ወደ ጭፍራ መሄጃው መኪና እሱ ነበር፤ ሁለት ቦታም ባዶ ነበረው። እስኪርቅ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት።